የአንጎል ሊምፎማ በምን ይታወቃል? ከናሙናው በፊት ስለሚወሰደው መድኃኒትስ ምን ማወቅ አለብን?

ከድሬዳዋም ሆነ ከሐረር ሕመምተኛ ይዘው አዲስ አበባ የሚሄዱ ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ በእጃቸው ያለው አንድ የሲቲ ስካን ፊልምና አንድ አጭር ቃል ነው፦ «ጭንቅላቱ ውስጥ እጢ ታይቷል።» ከዚያ በኋላ ያለው ጭንቀት ሁሉ አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል። በኦፕራሲዮን ይወጣል ወይስ አይወጣም?

ለብዙዎቹ የአንጎል እጢዎች ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ለአንዱ ዓይነት፣ ለሊምፎማ፣ ግን አይደለም። ይህ ዓይነት ዋና ሕክምናው ቀዶ ጥገና ሳይሆን መድኃኒት ነው፤ ፎቶ ብቻ አይቶም «እሱ ነው» ብሎ መወሰን አይቻልም። ደግሞ ስቴሮይድ የሚባል በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝ ርካሽ እንክብል ለጥቂት ቀናት ከተዋጠ እጢው ከፎቶው ላይ ሊጠፋ፣ የተወሰደው ናሙናም ምንም ላያሳይ ይችላል። በሽታው ግን እዚያው ነው። ስለ ሊምፎማ ምርመራ ቤተሰብ አንድ ነገር ብቻ ይወቅ ቢባል እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

ሊምፎማ ንፍፊት ላይ የሚወጣ አይደለም እንዴ? አንጎል ውስጥ ምን ያደርጋል?

ሊምፎሳይት የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት አሉ። ሥራቸው ሰውነትን ከተሐዋስያን መከላከል ነው። ከእነሱ አንዱ ከቁጥጥር ወጥቶ ያለማቋረጥ መራባት ሲጀምር ሊምፎማ የሚባለው ካንሰር ይፈጠራል። አብዛኛውን ጊዜ አንገት፣ ብብት ወይም ብሽሽት ላይ ያለ ንፍፊት ያብጥና ሕመምተኛው ራሱ ዳስሶ ያገኘዋል።

በጥቂት ሰዎች ላይ ግን በሽታው ሌላ ቦታ ሳይታይ አንጎል፣ ሰረሰር፣ እነሱን የሚሸፍኑ ስስ ሽፋኖች ወይም ዓይን ውስጥ ብቻ ይነሳል። ከማዕከላዊ ነርቭ ሥርዓት የሚነሳ ሊምፎማ የሚባለው ይህ ነው። ብዙ የሚያጋጥም አይደለም፤ ከራሱ ከአንጎል ከሚነሱ እጢዎች ከ100 ቢበዛ 4ቱ ያህል ቢሆኑ ነው። ከ10 ሕመምተኞች በዘጠኙ የሚገኘው ቢ ሊምፎሳይት ከሚባሉት ሕዋሳት የሚነሳ፣ ሕዋሳቱ ትልልቅ የሆኑበትና በፍጥነት የሚያድግ ዓይነት ነው። የመከላከል አቅሙ ደህና በሆነ ሰው ላይ በብዛት የሚመጣው ከ60 ዓመት በኋላ ነው። ኤችአይቪ መከላከያውን ያዳከመበት ሰው ወይም ኩላሊት ተተክሎለት መከላከያን የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን በወጣትነቱም ሊያዝ ይችላል።

ምርመራውን ለመረዳት ስለ አንጎል አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። የአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ በጣም የተጣበቁ ሕዋሳት የገነቡት ስለሆነ በደም ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ወደ አንጎል አያልፍም። የሐረርን ጁገል ዙሪያውን የዞረ ሰው ይህን ለመገመት አይቸገርም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር የታጠረው ግንብ ገቢና ወጪውን በአምስት በሮች ብቻ ወስኖት ነበር፤ ሸዋ በርና ኤረር በር ማታ ሲዘጉ የውጭው ከውጭ፣ የውስጡ ከውስጥ ይቀራል። የአንጎል አጥርም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ስለዚህ ለሌላው ሊምፎማ የሚሰጡ መድኃኒቶች አብዛኞቹ በበቂ መጠን ወደ አንጎል አይገቡም። ለዚህ በሽታ ሜቶትሬክሴት የሚባለው መድኃኒት በጣም ከፍ ባለ መጠን በደም ሥር የሚሰጠውም ለዚህ ነው። በሌላ በኩል እጢው ባለበት ቦታ አጥሩ ይፈርሳል፤ ፎቶ የሚያነሱት ባለሙያዎች የሚጠቀሙት በዚህ ፍርስራሽ ነው።

ምልክቱ ምን ይመስላል?

በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ እየባሰ ይሄዳል። አንድ እጅ ወይም እግር ይደክማል፤ ንግግር ይወላገዳል፤ ሰውየው ሲራመድ ሚዛኑን ይስታል። ራስ ምታትና ማስመለስ ሊኖር ይችላል፤ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንቀጥቀጥም በአንዳንዶቹ ላይ ይታያል። ሌላውን ሊምፎማ የሚያስጠረጥሩት ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ግን እዚህ ብዙ አይታዩም።

ቤተሰብን የሚያሳስተው የጠባይ ለውጥ ነው። ተጫዋች የነበረው ዝምተኛ ይሆናል፤ ሂሳብ የማይሳሳት ነጋዴ መልስ መቁጠር ያቅተዋል፤ አባት የልጆቹን ስም ያምታታል። በእኛ አካባቢ ይህ ሲሆን «ጫት ስላቆመ ነው፣ ዱካክ ነው» ይባላል፤ ወይ ድብርት፣ ወይ እርጅና፣ ወይ መንፈስ ይባላል። ጸበል መውሰዱም ቁርአን ማስቀራቱም የእምነት ጉዳይ ነው፤ ከሕክምና ጋር አይጣላም። ነገር ግን ከዚህ በፊት ጤነኛ የነበረ ሰው በሳምንታት ውስጥ ጠባዩ ከተለወጠና ከዚያ ጋር አንድ የሰውነት ክፍሉ ከደከመ የአንጎል ፎቶ ሊነሳ ይገባል። በዚህ ሕመም የሚባክን ወር ዋጋው ከባድ ነው።

ሲቲ ስካን ይበቃል ወይስ ኤምአርአይ ያስፈልጋል?

ሲቲ ስካን በኤክስሬይ ጨረር የሚሠራ ሲሆን በደቂቃዎች ያልቃል። ደም መፍሰስን፣ የአንጎል እብጠትንና ትልቅ እጢን ያሳያል፤ ለድንገተኛ ሕመምተኛ የመጀመሪያው እሱ ቢሆን ትክክል ነው። ሊምፎማ ሕዋሳቱ እጅግ የተጠጋጉ ስለሆኑ ገና ኮንትራስት ሳይሰጥ እንኳ ከአካባቢው ነጣ ብሎ ሊታይ ይችላል።

ለዚህ በሽታ የተሻለው ግን ኮንትራስት ተሰጥቶ የሚነሳ ኤምአርአይ ነው። ኤምአርአይ በማግኔት ኃይል የሚሠራ እንጂ ጨረር የለውም። እንደ ፎቶው ብዛት ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ይጠይቃል፤ ድምፁም ከባድ ነው። የልብ ምት ማስተካከያ የተተከለለት ወይም በሰውነቱ ውስጥ ብረት ያለ ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት። የኩላሊት ሕመም ያለበትም እንዲሁ፤ ምክንያቱም ኮንትራስቱ የሚወጣው በኩላሊት ነው።

ኮንትራስት በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ነው። ለኤምአርአይ የሚሰጠው ጋዶሊኒየም የተባለ ንጥረ ነገር አለበት። ጤነኛ አንጎል ውስጥ አጥሩ አያሳልፈውም። አጥሩ በፈረሰበት ቦታ ግን ይፈስና ያ ቦታ በፎቶው ላይ ደምቆ ይበራል። ሊምፎማ በብዛት የሚገኘው በጥልቁ የአንጎል ክፍል፣ ፈሳሽ በሚይዙት ክፍተቶች አጠገብ ወይም ሁለቱን የአንጎል ወገኖች በሚያገናኘው ድልድይ ላይ ነው። መከላከያው ደህና በሆነ ሰው ላይ እጢው ሙሉውን አንድ ዓይነት ሆኖ ይበራል። ኤችአይቪ ባለበት ሰው ላይ ግን ብዙ ጊዜ መሐሉ ጨለማ፣ ዙሪያው ቀለበት ሆኖ ይታያል። ሌላ የሚረዳ ፎቶም አለ። በሕዋሳት መካከል ያለው ውሃ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ይለካል፤ የሊምፎማ ሕዋሳት ስለሚተፋፈጉ ውሃው መንቀሳቀሻ ያጣል።

ፎቶው ይህን ሁሉ ካሳየ ናሙና ለምን ያስፈልጋል?

ተመሳሳይ ፎቶ የሚሰጡ ሌሎች በሽታዎች ስላሉ ነው፤ ሕክምናቸው ደግሞ ለየቅል ነው። ግሊዮማ የሚባለው የራሱ የአንጎል ካንሰር በተቻለ መጠን በቀዶ ጥገና ይወጣል። ከሳንባ ወይም ከጡት ወደ አንጎል የተዛመተ ካንሰርም አንዳንዴ ይወጣል። በአገራችን ብዙ ያለው ቲቢ አንጎል ውስጥ እጢ መስሎ ሊቀመጥ ይችላል፤ መዳኛው የቲቢ መድኃኒት ነው። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተሐዋሲም መከላከያው የደከመ ሰው አንጎል ውስጥ ቀለበት መስሎ ይታያል፤ እሱም የራሱ መድኃኒት አለው።

ሊምፎማን እንደ ሌላ እጢ ቆርጦ ለማውጣት መሞከር በአብዛኛው ሕመምተኛውን አይጠቅምም። በሽታው በፎቶ ከሚታየው ጠርዝ አልፎ ይሰርጋል፤ ያለበትም ቦታ ብዙ ጊዜ ጥልቅ ነው፤ ቀዶ ጥገናው ንግግርን ወይም እንቅስቃሴን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ከዚህ በሽታ የሚፈልገው ስሙን የሚነግረው ትንሽ ቁራጭ ነው። «ሙሉ በሙሉ አላወጡልንም» ብለው የሚያዝኑ ቤተሰቦች ይህንን ቢያውቁ ብዙ ሐዘን ይቀልላቸው ነበር።

ናሙናው እንዴት ይወሰዳል? ጭንቅላት ሊከፈት ነው?

ናሙና መውሰድ፣ ማለትም ባዮፕሲ፣ በብዛት የሚደረገው በመርፌ ነው። መጀመሪያ የእጢው ቦታ በሲቲ ወይም በኤምአርአይ በሚሊሜትር ደረጃ ይለካል። ለዚህ ጭንቅላት ላይ የሚታሰር የብረት ክፈፍ ወይም በኮምፒውተር የሚመራ መሣሪያ አለ። ከዚያ የራስ ቅል ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳና ቀጭን መርፌ በተሰላው መስመር ገብቶ ጥቂት ቁራጮች ያወጣል። በማደንዘዣ ስለሚሠራ ሕመም የለውም። መሣሪያው በሌለበት ወይም እጢው ለላይኛው የአንጎል ክፍል ቅርብ ከሆነ በትንሽ መክፈቻ በዓይን እያዩ መውሰድም ይቻላል። አደጋው ደም መፍሰስ ነው፤ ጉዳት የሚያደርስ ደም መፍሰስ የሚያጋጥማቸው ከ100 ሰዎች ጥቂቶቹ ናቸው። ለዚህ ነው በኋላ ክትትል የሚደረገው፣ ብዙ ጊዜም ሲቲ የሚደገመው። አስፕሪን ወይም ደም የሚያቀጥን ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከቀጠሮው ቀደም ብሎ ለሐኪሙ ይንገር።

ቁራጩ ወደ ፓቶሎጂስት ይሄዳል፤ ይህ ሕዋስን በማይክሮስኮፕ መርምሮ በሽታውን የሚለይ ሐኪም ነው። ሊምፎማ ከሆነ ትልልቅ ሕዋሳት የደም ሥሮችን ከበው ይታያሉ። ግን መልክ ብቻ አይበቃም። ቢ ሊምፎሳይት በላዩ ላይ ሲዲ 20 የሚባል ፕሮቲን አለው፤ ከዚህ ፕሮቲን ጋር ብቻ የሚጣበቅ ማቅለሚያ ሲጨመር ሕዋሳቱ ቡናማ ይሆናሉ። ኬአይ 67 የሚባለው ማቅለሚያ ደግሞ ምን ያህሉ ሕዋሳት በመራባት ላይ እንዳሉ ያሳያል፤ በዚህ በሽታ ቁጥሩ በጣም ከፍተኛ ነው። ይህ ሥራ ጊዜ ይወስዳል። ቁራጩ በፎርማሊን ሊጠነክር፣ በሰም ሊዋጥ፣ በስሱ ሊቆረጥና ተራ በተራ ሊቀለም ይገባል። ውጤቱ በማግስቱ አልደረሰም ማለት ተረሳ ማለት አይደለም።

ስቴሮይዱስ ምን ያበላሻል?

ዴክሳሜታዞን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ሃይድሮኮርቲዞን፣ ሜቲልፕሬድኒሶሎን፤ ሁሉም ስቴሮይድ ከሚባለው ወገን ናቸው። ለአስም፣ ለአለርጂ፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም ይታዘዛሉ፤ ለመወፈር ብለው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወስዷቸውም አሉ። አንጎል ውስጥ እጢ ለተገኘበት ሰው የሚሰጡት በእጢው ዙሪያ ያለውን እብጠት ለመቀነስ ነው። ለግሊዮማ ወይም ለተዛመተ ካንሰር ሥራቸው እዚያ ላይ ያበቃል፤ እብጠቱ ይቀንሳል፣ እጢው ግን ይቀራል።

ሊምፎማ ላይ የሚያደርጉት የተለየ ነው። ስቴሮይድ ሊምፎሳይትን በቀጥታ ይገድላል፤ ሊምፎማም የታመመ ሊምፎሳይት ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው ዴክሳሜታዞን በጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ አፉ ይፈታል፣ እግሩ ይበረታል፣ ራስ ምታቱ ይሄዳል። ቤተሰቡ «ተሽሎታል» ብሎ ፈጣሪውን ያመሰግናል፤ አንዳንዱም አዲስ አበባ የያዘውን ቀጠሮ ይተወዋል። እስከ 40 በመቶ በሚደርሱ ሕመምተኞች ላይ እጢው በፎቶ ጭምር ይቀንሳል ወይም ይሰወራል። ግን ሁሉም ሕዋስ አልሞተም። የተረፉት እንደገና ይራባሉ፤ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ በሽታው ይመለሳል፣ አንዳንዴም ሌላ ቦታ ላይ።

ክፉው ነገር በመሐሉ የሚሆነው ነው። ናሙናው በዚያ ሰሞን ከተወሰደ መርፌው የሚያወጣው የሞቱ ሕዋሳትን፣ ጠባሳንና ጥቂት የሚያጸዱ ሕዋሳትን ሊሆን ይችላል። ፓቶሎጂስቱ «ካንሰር አላየሁም» ብሎ ይጽፋል፤ ያየውንም በትክክል ነው የጻፈው። ሰውየው የራስ ቅሉ ተበስቶ፣ ገንዘብ ወጥቶ፣ አደጋውን ተጋፍጦ፣ መልስ ሳያገኝ ይመለሳል።

እጢው በስቴሮይድ መቀነሱን ብቻ አይቶ «እንግዲያው ሊምፎማ ነው» ማለትም አይቻልም። የነርቭ ሽፋንን የሚያጠቁ አንዳንድ ካንሰር ያልሆኑ ሕመሞችም በስቴሮይድ ይቀንሳሉ።

ታዲያ ስቴሮይድ ፈጽሞ አይሰጥ? አይደለም። እብጠቱ አንጎልን ወደ ታች ገፍቶ አተነፋፈስን ሊያቆም ከደረሰ ሐኪሙ ይሰጣል፤ መስጠትም አለበት፤ ሕይወት ከምርመራ ይቀድማል። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ንቃተ ሕሊናው እየደከመ ያለ ሰው ያለ መድኃኒት ይሂድ የሚል የለም። ነገሩ ሕመምተኛው ረጋ ባለበት ሁኔታ፣ ሊምፎማ ደግሞ በተጠረጠረበት ጊዜ፣ ናሙናው እስኪወሰድ ስቴሮይዱን ማቆየት ነው። ይህንን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ቤተሰብ ግን መጠየቅ ይችላል። «ዶክተር፣ ናሙና ሳይወሰድ ይህን መድኃኒት መጀመሩ ግድ ነው?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

አስቀድሞ ተጀምሮ ከሆነ ደግሞ መሸሸግ የለበትም። መቼ ተጀመረ፣ በቀን ስንት፣ ለስንት ቀን፣ መቼ ቆመ፤ ይህ ተጽፎ ለቀዶ ሐኪሙም ለፓቶሎጂስቱም ይድረስ። እነሱ ናሙናውን ቶሎ መውሰድ ወይም መድኃኒቱን ቀንሰው አቁመው፣ ፎቶ እየደጋገሙ፣ እጢው ሲመለስ መውሰድ እንደሚሻል ያመዛዝናሉ። ለሳምንታት የተወሰደን ስቴሮይድ ግን ማንም በራሱ ፈቃድ በአንድ ቀን እንዳያቆም። ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማመንጨት ትቶ ስለሚቆይ ድንገት ማቋረጥ የደም ግፊትን አውርዶ ሊገድል ይችላል።

ከጀርባ ውሃ መውሰድ ሽባ ያደርጋል የሚባለው እውነት ነው?

ሊምፎማ ሲጠረጠር በአንጎልና በሰረሰር ዙሪያ ያለው ፈሳሽም ከጀርባ በመርፌ ተወስዶ ይመረመራል፤ ሽባ ግን አያደርግም። የአዋቂ ሰው ሰረሰር የሚያልቀው ከወገብ በላይኛው ክፍል፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ወይም በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ነው። እዚያ ያለው ፈሳሽና በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፉ የነርቭ ክሮች ናቸው። ይህ ምርመራ ጀርመናዊው ሐኪም ኩዊንከ እ.ኤ.አ. በ1891 ካስተዋወቀው ጊዜ ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ነው። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም። ምርመራው የሚታዘዘው በማጅራት ገትር ወይም በአከርካሪ ሕመም ለተያዙ ሰዎች ነው፤ ከእነሱ መካከል በበሽታው ሽባ የሆኑ ነበሩ። ሰው ያስታወሰው መርፌውን ነው።

ፈሳሹ ይጎድላል የሚል ስጋትም አለ። በአንድ ጊዜ በአንጎልና በሰረሰር ዙሪያ ያለው 150 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ሰውነት ግን በቀን 500 ሚሊ ሊትር ያህል ያመነጫል። ለምርመራ የሚወሰደው 10 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሆነ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይተካል። በኋላ የሚመጣ ራስ ምታት ሊኖር ይችላል፤ ሲቀመጡ ይብሳል፣ ሲተኙ ይቀላል፣ በአብዛኛው በቀናት ውስጥ ይሄዳል።

መጠንቀቅ የሚያስፈልግበት ቦታ ሌላ ነው። አንጎል ውስጥ ትልቅ እጢ ግፊት እየፈጠረ ከሆነ ከታች ፈሳሽ መቅዳት አንጎልን ወደ ታች ሊስብ ይችላል። ስለዚህ ፎቶው ይቀድማል፤ ፎቶውን ያየው ሐኪም «ይቅር» ካለም ምክንያቱ ይህ ነው።

ፈሳሹ ውስጥ የሊምፎማ ሕዋስ ከተገኘ አንጎልን መንካት ሳያስፈልግ በሽታው ሊረጋገጥ ይችላል። ግን የሚገኘው በጥቂቶቹ ሕመምተኞች ላይ ብቻ ስለሆነ «ፈሳሹ ንጹሕ ነው» የሚል ውጤት ሊምፎማ የለም ማለት አይደለም። ሕዋሳቱ ከሰውነት ከወጡ በኋላ ቶሎ ይሞታሉ፤ በድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ቱቦው ጠረጴዛ ላይ ውሎ የሚላክ ከሆነ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ላቦራቶሪው ዝግጁ ሆኖ በሚጠብቅበት ሰዓት መውሰድ ይሻላል። ሕዋሳቱን በሌዘር ብርሃን እያሳለፈ አንድ በአንድ የሚለይ ፍሎ ሳይቶሜትሪ የሚባል መሣሪያ ባለበት የማግኘት ዕድሉ ይጨምራል። በአንዳንድ ትልልቅ ማዕከላት ደግሞ በፈሳሹ ውስጥ በዚህ በሽታ የሚበዛ ፕሮቲንና ማይዲ 88 የሚባል ጂን ላይ ያለ ለውጥ ይፈለጋል፤ እጢው መርፌ የማይደርስበት ቦታ ላይ ሲሆን ይህ ትልቅ እገዛ ነው። ስቴሮይድ እዚህም ላይ ሕዋሳቱን ያጠፋል።

ዓይን የሚመረመረው ለምንድን ነው?

ዓይን የአንጎል ቅርንጫፍ ነው ማለት ይቻላል። በሽታው ሲታወቅ ከ100 ሰዎች ከ15 እስከ 25 በሚሆኑት ላይ ዓይን ውስጥም አለ። ሰውየው ዓይኑ ፊት ነጠብጣብ ሲንሳፈፍ ያያል፣ ወይም እይታው ይደበዝዛል፤ ምንም የማይሰማውም አለ። ስለዚህ የዓይን ሐኪም ብሌኑን በጠብታ አስፍቶ ውስጡን በማጉያ መብራት ያያል። ሊምፎማው ዓይን ውስጥ ሲጀምር ለወራት የዓይን ብግነት ነው ተብሎ በስቴሮይድ ጠብታ ሲታከም ሊቆይ ይችላል፤ እየተሻለ፣ እየተመለሰ። በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ እንዲህ የሚመላለስ ብግነት ካለ ከዓይን ውስጥ ፈሳሽ ተወስዶ ይመረመራል።

የኤችአይቪ ምርመራ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ማንንም ለመጠርጠር አይደለም፤ የምርመራውን መንገድ ሙሉ በሙሉ ስለሚለውጠው ነው። ሲዲ ፎር የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ከ50 በታች በወረዱበት ሰው ላይ የሚመጣው ሊምፎማ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ኤፕስታይን ባር ከሚባለው ቫይረስ ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ቫይረስ በአብዛኛው ሰው ሰውነት ውስጥ ተኝቶ የሚኖር ነው፤ መከላከያው ሲወድቅ ይነቃል። በጀርባ ፈሳሽ ውስጥ የቫይረሱ ዘረመል ከተገኘ ሊምፎማ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከተስፋፋ ወዲህ ይህ ዓይነቱ ሊምፎማ በጣም ቀንሷል፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ መውሰድ ለዚህም ይጠቅማል።

ኤችአይቪ ባለበት ሰው አንጎል ውስጥ ቀለበት የመሰለ ነገር ሲታይ መጀመሪያ የሚታሰበው ቶክሶፕላዝማ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሐኪሞች ናሙና ሳይወስዱ የቶክሶፕላዝማ መድኃኒት ይጀምሩና ከ2 ሳምንት ገደማ በኋላ ፎቶ ይደግማሉ። ከቀነሰ ቶክሶፕላዝማ ነበር፤ ካልቀነሰ ወደ ናሙና ይኬዳል። ዘዴው ጥሩ ነው። ነገር ግን ከዚያ መድኃኒት ጋር ዴክሳሜታዞን አብሮ ከተሰጠ እጢውን የቀነሰው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። በቲቢ ሕክምናም ያው ነው፤ የአንጎል ቲቢ ሲታከም ስቴሮይድ አብሮ ስለሚሰጥ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መሻሻል ማረጋገጫ አይሆንም። ሐኪሙ ፎቶ ድገሙ ካለ፣ ሕመምተኛው ደህና ቢመስልም ይደገም።

ናሙናው «ሊምፎማ» ካለ በኋላስ ሌላ ምርመራ ለምን ይታዘዛል?

በሽታው አንጎል ውስጥ ብቻ መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። የደረት፣ የሆድና የዳሌ ሲቲ ወይም ፔት ስካን (ንቁ የካንሰር ሕዋሳት ያሉበትን ቦታ የሚያሳይ የሰውነት ፎቶ) ይነሳል፤ የአጥንት መቅኔ ሊወሰድ ይችላል። ወንዶች ላይ የዘር ፍሬም ይታያል፤ እዚያ የሚነሳ ሊምፎማ ወደ አንጎል መሄድ ስለሚወድ ነው፤ በማፈር ይቅር አይባልም። የቀሩት የደም ምርመራዎች ለሕክምናው ዝግጅት ናቸው። ሜቶትሬክሴት በኩላሊት ስለሚወጣ ኩላሊት ይለካል። ሪቱክሲማብ የሚባለው ሌላው መድኃኒት የተኛ የጉበት ቫይረስ ሊቀሰቅስ ስለሚችል ሄፓታይተስ ቢ ይመረመራል።

ከድሬዳዋ ወይም ከሐረር ሪፈር የተጻፈለት ሰው ምን ይያዝ?

ድልጮራም ይሁን ሳቢያን፣ ጁገልም ይሁን ሕይወት ፋና ሆስፒታል፣ ሪፈር ወረቀቱ ከየትም ቢጻፍ ከወረቀቱ ጋር ፎቶው በሲዲ ተገልብጦ ይያዝ። የጽሑፍ ሪፖርቱ ብቻ አይበቃም፤ የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ መርፌውን የሚያሰላው ከፎቶው ነው እንጂ ከጽሑፉ አይደለም። የቀድሞውና የአሁኑ ፎቶ ሁለቱም ካሉ ሁለቱም ይሂዱ። የተወሰዱ መድኃኒቶች ከነቀናቸው ይጻፉ፤ ክሊኒክ ውስጥ «ለአለርጂ» ተብሎ የተወጋ መርፌም ሳይቀር። የመርፌው ስም ካልታወቀ ወደ ክሊኒኩ ተመልሶ መጠየቅ ነው። የኤችአይቪ ክትትል ያለው ሰው የሲዲ ፎር ውጤቱንና የመድኃኒቱን ስም ይያዝ።

ናሙናው አስቀድሞ በሌላ ሆስፒታል ተወስዶ ከሆነ የውጤት ወረቀቱ ብቻውን አይሂድ። ቁራጩ የተዋጠበት ሰም፣ ፓራፊን ብሎክ የሚባለው፣ በፓቶሎጂ ክፍሉ ይቀመጣል፤ ለዓመታት አይበላሽም። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳም ሆነ ሌላ ቦታ ያለ ፓቶሎጂስት ከዚያው ብሎክ አዲስ ስስ ቁራጭ አውጥቶ ሲዲ 20ንም ሆነ ሌላውን ማቅለሚያ ሊሠራበት ይችላል፤ ሕመምተኛውም ሁለተኛ ጊዜ የራስ ቅሉ ሳይበሳ መልስ ሊያገኝ ይችላል። ብሎኩንና መስታወት ላይ ያለውን ስላይድ ከሚያስቀምጠው ክፍል በደብዳቤ ጠይቃችሁ፣ ፈርማችሁ ተረከቡ፤ ሙቀት እንዳያቀልጠው ከመኪናው መስኮት አርቃችሁ ያዙት።